ዳቦ ቤቱ ይታያል፣ መንገዱ የለም

ልጆቼ፣ የከተማ ፕላን ሥራ ገና ለምትጀምሩት ነው የምጽፈው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ በእግሬ ነው የምሄደው። እግር ደግሞ ቢሮ ያላስተማረኝን ብዙ ነገር አስተማረኝ።

አዲስ አበባ ያለ ፕላን የበቀለች ናት ይባላል። ከ1879 ዓ.ም. ጀምሮ የመኳንንቱ ሰፈሮች በየኮረብታው ተተከሉ፤ መካከላቸው ያለውን መንገድ ያወጡት እግረኛና በቅሎ ናቸው። ግን አሮጌ ሰፈር ገብታችሁ እዩ። ጭቃው ያማርራል፣ አንዳንዱ መተላለፊያ ሁለት ሰው አያሳልፍም። ማሳበሪያው ግን አያልቅም። አንዱ ቢዘጋ በሌላው ትወጣላችሁ።

ከተማዋ ወደ ዳር ስትለጠጥ ነገሩ ተገለበጠ። መንገዱ ሰፋ፣ መገናኛው አነሰ። ቀለበት መንገዱ መኪናውን አፈጠነው፤ ማዶ ካለው ሱቅ ስኳር ለመግዛት ግን የእግረኛ ድልድይ ፍለጋ መጣ። በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡርም ሐዲዱ መሬት ለመሬት በሚሄድበት እንደዚያው ነው። አዳዲሶቹ መንደሮች ደግሞ ለየብቻ ተነደፉ፤ የአንዱ የውስጥ መንገድ ከጎረቤቱ አይገጥምም። ስለዚህ ልጅ ትምህርት ቤት ማድረሱም፣ ሲሚንቶ ማመላለሱም እዚያው አንድ አስፋልት ላይ ይወድቃል። ከዚያ «መኪና በዛ» እንላለን።

ከእነዚህ መንደሮች አንዱን እኔው ነኝ የነደፍኩት። አንድ መውጫ፣ ዙሪያውን ግንብ። ለጥበቃ ይመቻል ብዬ ነበር፤ ወረቀት ላይ ሲታይም ያምር ነበር። አንድ ክረምት መውጫው ላይ ሲኖትራክ ተሰበረና መንደሩ እስከ ቀትር ታግቶ ዋለ። አንዲት እናት «ልጄ፣ ዳቦ ቤቱ ከደጄ ይታየኛል፤ መድረሻው ነው የጠፋኝ» አሉኝ። ለካሁት። በቀጥታ 120 ሜትር፣ በእግር ግን ከአንድ ኪሎ ሜትር በላይ።

እናንተ ይህን መለኪያ ግንባታ ሳይጀመር ተጠቀሙበት። የእግሩን ርቀት ለቀጥታው አካፍሉት፤ ቁጥሩ ካስደነገጣችሁ እርሳሳችሁን አንሱ። መሬቱ ባዶ ሳለ መንገድ ማገናኘት አንድ መስመር ነው። የይዞታ ካርታ ከወጣበት በኋላ ግን ካሳው፣ ክርክሩ፣ ፍርድ ቤቱ... እኔ አላሸነፍኩም።

ነዋሪው ግን አልጠበቀኝም፤ ግንቡን ሸነቆረው። ያኔ ተናድጄ አስደፈንኩት። በሦስተኛው ቀን ተመልሶ ተከፈተ። ዛሬ እኔም ዳቦ የምገዛው በዚያው ቀዳዳ ጎንበስ ብዬ አልፌ ነው።