እሌኒ የተባሉ የታሪክ ሴቶች

እህቴ፣ እንኳን ማርያም ማረችሽ! ከለገጣፎ «ልጄን እሌኒ ልላት ነው፣ በታሪክ ማን ማን በዚህ ስም ይታወቃል?» ብለሽ ጠይቀሻል።

የመጀመሪያዋን ታውቂያታለሽ። የንጉሥ ቆስጠንጢኖስ እናት ቅድስት እሌኒ ናት፤ መስቀሉን በደመራ ጢስ ያገኘችው። በየዓመቱ በየሰፈራችን ደመራ የምናበራው ለዚሁ ነው።

እኔ ግን የማደንቀው የእኛዋን ንግሥት እሌኒን ነው። የሐድያ ገራድ (ገዢ) ልጅ ነበረች። የአፄ ዘርዓ ያዕቆብ ሚስት ሆና ቤተ መንግሥት ገባች። ከሳቸው በኋላም ነገሥታት ሲፈራረቁ የእሷ ተሰሚነት አልቀነሰም። ልብነ ድንግል እ.ኤ.አ. በ1508 ገና በልጅነቱ ሲነግሥ አገሩን በሞግዚትነት የመራችው እሷ ናት። ነገሩ ወዴት እንደሚያመራ ቀድሞ ገብቷታል መሰለኝ፣ አርመናዊውን ማቴዎስን ደብዳቤ አስይዛ ወደ ፖርቱጋል ንጉሥ ላከችው። የፖርቱጋል መልእክተኞች የደረሱት ግን እ.ኤ.አ. በ1520 ነው። በዚያ ዘመን መንገድ፣ ምን ታደርጊዋለሽ!

ከዘመናችን ደግሞ የምርት ገበያን የመሠረተችው የኢኮኖሚ ባለሙያዋ ዶክተር እሌኒ ገብረመድህን አለች። ገበያው ሥራ የጀመረው በ2000 ዓ.ም. ነው።

ባልሽ ለልጅቷ ሌላ ስም ካሰበ የንግሥቲቱን ታሪክ ንገሪው። ለክርስትናው ጥሪን እንዳትረሺ፣ እኛ ሰንዳፋ ነን፣ ቅርብ ነው!