አንዱ ጆሮዬ ድምፅን ከዜማ ያወጣብኛል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የስልኬ ጥሪ በቀኝ ጆሮዬ እንደወትሮው ይሰማኛል፤ በግራው ግን ከአራት ቀን ወዲህ ቀጠን ብሎ፣ ከዜማው ወጥቶ ነው የሚሰማኝ። ጆሮዬም ድፍን ብሏል። ኩክ መስሎኝ ዘይትና ቤት የነበረ ጠብታ እየጨመርኩ ነው። አእምሮዬ እየተነካ ይሆን? ወይስ እጢ ነው?

መልስ፦ አእምሮዎ አልተነካም። ሁለት ጆሮ አንዱን ድምፅ በተለያየ ቅጥነት መስማቱ የታወቀ ችግር ነው፤ መነሻውም ብዙውን ጊዜ ውስጠኛው ጆሮ ነው። እዚያ ኮክሊያ በሚባለው ጥምዝ አካል ውስጥ 35 ሚሊ ሜትር ያህል የሚረዝም ስስ ገለፈት አለ። ቀጭን ድምፅ መግቢያው አካባቢ፣ ወፍራም ድምፅ ደግሞ ጫፉ ላይ ጎልቶ ያርገበግበዋል። አንጎል የድምፁን ቅጥነት የሚለየው ከተነቃነቀው ቦታና ከንዝረቱ ፍጥነት ነው። ገለፈቱ ላይ ያሉት ድምፅ ተቀባይ ሴሎች (የፀጉር ሴሎች ይባላሉ) በአንድ ቦታ ሲጎዱ በአጠገባቸው ያሉት በእነሱ ፋንታ ምላሽ ይሰጣሉ፤ የ1,000 ኸርዝ ድምፅም በታመመው ጆሮ ከፍ ወይም ዝቅ ብሎ ይሰማል። እጢ እምብዛም አይገኝም፤ ለማረጋገጥ በኋላ ኤምአርአይ ይታዘዛል።

ዘይቱን ግን ዛሬውኑ ያቁሙ! ኩክ ድምፅን ያደክማል እንጂ ከዜማ አያወጣም። ዘይት ከታምቡሩ አልፎ ኮክሊያ አይደርስም፤ ሐኪሙ ታምቡሩን እንዳያይ ብቻ ይጋርዳል። ጠብታው ይብሳል፤ ጀንታማይሲን የተባለው አንቲባዮቲክ ካለበትና ታምቡርዎ ቀዳዳ ካለው፣ የቀሩትን የፀጉር ሴሎች ሊገድል ይችላል። «ኩክ ነው፣ ይለቃል» እየተባለ ስንት ጆሮ ቀረ! ሰው ዓይኑ በድንገት ቢጋረድበት አራት ቀን አይጠብቅም፤ ጆሮ ሲሆን ግን ይጠበቃል።

አፍዎን ዘግተው «ምምም» ይበሉ። ድምፁ በተደፈነው ጆሮ ከጎላ ኩክ ወይም ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። ወደ ጤነኛው ጆሮ ከሄደ ግን የውስጠኛው ጆሮ ጉዳት ያስጠረጥራል። ይህ ፍንጭ እንጂ ምርመራ አይደለም፤ በየትኛውም ቢሆን ዛሬ ይሂዱ።

ድንገተኛ የመስማት መቀነስ ከሆነ የሚሰጠው ስቴሮይድ (ብግነት የሚቀንስ መድኃኒት) የበለጠ የሚጠቅመው በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ውስጥ፣ በተቻለ ፍጥነት ሲጀመር ነው። ስለዚህ ጊዜው አላለፈብዎትም። ሳይታከሙ የሚሻላቸው ሰዎች አሉ፤ እርስዎ ከእነሱ አንዱ መሆንዎን ግን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ስቴሮይዱን በራስዎ ገዝተው አይጀምሩ፤ ስኳርና ደም ግፊት ይጨምራል።

ፊትዎ ከተጣመመ፣ አንድ ወገንዎ ከዛለ ወይም መቆም የሚከለክል ማዞር ከመጣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ይግቡ። ያለዚያ ከአንገት በላይ ሐኪም ዘንድ ሲደርሱ «በድንገት ነው የጀመረኝ፣ አራት ቀኔ ነው» ብለው ይጀምሩ። ጆሮዎን አጥበው ብቻ ሊሸኙዎት ቢሉ፣ የመስማት ምርመራው በዚያው ቀን እንዲሠራልዎ ይጠይቁ።