እህቴ ምንም ሳያማት ካንሰር ተገኘባት፤ ቀዶ ጥገና ትግባ ወይስ ትቆይ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እህቴ 38 ዓመቷ ነው። ምንም ሳያማት «ሙሉ ቼክአፕ ላድርግ» ብላ ስትገባ፣ በአልትራሳውንድ አንገቷ ላይ 7 ሚሊሜትር የምትሆን እባጭ ታየች። ናሙና ተወስዶ «ፓፒላሪ የሚባል የታይሮይድ (አንገት ላይ ያለ ዕጢ) ካንሰር ነው፣ የታይሮይድ ዕጢው በሙሉ ይውጣ» ተባለች። አባታችን ደግሞ በተቃራኒው ነው የሆኑት። እየደከማቸውና እያዞራቸው፣ «ደም ማነስ ነው» ተብለው ለወራት የአይረን ክኒን ሲውጡ ከረሙ። የአንጀት ካንሰር መሆኑ የታወቀው ከዘገየ በኋላ ነው። አሁን እህቴ «የአባባን ያየ ሰው ይጠብቃል?» እያለች ቀዶ ጥገናውን ለማስያዝ ቸኩላለች። ብዙ መመርመር ነው የሚሻለው ወይስ ትንሽ?
ግራ የገባው ወንድም

መልስ፦ ውድ ጠያቂያችን፣ የእህትዎ ፍርሃት ይገባኛል። በአባትዎ የደረሰውን አይቶ አለመፍራት አይቻልም። ግን የሁለቱ መነሻ ይለያያል። አባትዎ ምልክት ነበራቸው፤ እህትዎ አልነበራትም። ምልክት ያለው ሰው ምክንያቱ እስኪገኝ ድረስ መመርመር አለበት። ምንም የማይሰማው ሰው ላይ ግን «እስቲ ለማንኛውም» ተብሎ የሚደረግ ምርመራ ጉዳትም ሊያመጣ ይችላል።

ከአባትዎ ልጀምር። በዕድሜ የገፋ ወንድ አይረን ሲያንሰው መጀመሪያ የሚጠረጠረው ደም እየፈሰሰው መሆኑ ነው። ብዙ ጊዜ ምንጩ ጨጓራ ወይም አንጀት ነው። ቀስ እያለ ስለሚፈስ ሰገራ ላይ በዓይን ላይታይ ይችላል። ክኒኑ የደሙን ቁጥር ከፍ ያደርገዋል፣ ሁሉም ሰው «እፎይ» ይላል፣ ምንጩ ግን እዚያው አለ። እንደጻፉልኝ ከሆነ «ደሙ ለምን አነሰ?» ብሎ የጠየቀ አልነበረም። ጥያቄው ቢነሳ ኖሮ ኢንዶስኮፒና ኮሎኖስኮፒ (ጨጓራንና ትልቁን አንጀት ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ ማየት) ይታዘዙ ነበር። እንዲህ ያለው ነገር ሲታለፍ በጣም ያንገበግበኛል።

ወደ እህትዎ ስንመጣ የደቡብ ኮሪያን ታሪክ ብትሰማው እወዳለሁ። እዚያ አገር አቀፍ የካንሰር ቅድመ ምርመራ በ1999 (እ.ኤ.አ.) ሲጀመር፣ ብዙ ሰው የአንገት አልትራሳውንድም አብሮ መነሳት ጀመረ። በ2011 የታይሮይድ ካንሰር የሚገኝበት ሰው መጠን ከ1993ቱ 15 እጥፍ ደረሰ። በዚህ ካንሰር የሚሞተው ሰው መጠን ግን ፈቀቅ አላለም። በሽታው በእርግጥ ተስፋፍቶ ቢሆን ኖሮ ሟቹ ይጨምር ነበር። ቶሎ መገኘቱ ሕይወት እያተረፈ ቢሆን ደግሞ ይቀንስ ነበር። ሁለቱም አልሆነም። ከተገኙት ብዙዎቹ ሳይነኩ ቢተዉ ሰውየውን ዕድሜ ልኩን የማያስቸግሩ ነበሩ። ግን ሁሉም ለማለት ይቻላል ቀዶ ጥገና ገቡ። የድምፅ ነርቭ የተጎዳባቸው፣ ካልሲየማቸው የተዛባባቸው አሉ። ዕጢው በሙሉ የወጣለት ሰው ደግሞ የታይሮይድ ክኒን በየቀኑ እስከ ዕድሜው ፍጻሜ መዋጥ አለበት።

ጃፓን ኮቤ ከተማ የሚገኘው ኩማ ሆስፒታል ሌላ መንገድ ሞክሯል። ከ1993 ጀምሮ ከ1 ሴንቲሜትር የማይበልጥ ፓፒላሪ ካንሰር ላለባቸው ሰዎች ከቀዶ ጥገና ይልቅ ክትትልን አማራጭ አደረገ። በ10 ዓመት ውስጥ 3 ሚሊሜትርና ከዚያ በላይ ያደገባቸው 8 በመቶ ገደማ ናቸው። ካደገባቸው መካከል በዚያን ጊዜ ቀዶ ጥገና የተደረገላቸው አሉ። ክትትል ላይ ከነበሩት በዚህ ካንሰር የሞተ ሰው አልተመዘገበም። አንድ ነገር ልብ ትበል፦ ከ40 ዓመት በታች ባሉ ሰዎች ላይ የማደግ ዕድሉ ከፍ ይላል። ስለዚህ እህትዎ ክትትልን ከመረጠች ቀጠሮ እየዘለለች አይሆንም። መጀመሪያ ላይ በየስድስት ወሩ፣ ከዚያ በየዓመቱ አልትራሳውንድ ትነሳለች።

ትቆይ ወይስ ትሠራ የሚለውን በደብዳቤ አልወስንም። ሐኪሟን ግን እነዚህን ትጠይቅ። እባጯ ከአየር ቧንቧው ወይም ከድምፅ ነርቩ አጠገብ ናት? አንገቷ ላይ ያበጠ የሊምፍ ዕጢ ታይቷል? የአንዱም መልስ «አዎ» ከሆነ መጠበቁ አይመከርም። ሁለቱም «የለም» ከሆነ ደግሞ ክትትል ይቻል እንደሆነ፣ መውጣቱ ግድ ከሆነም የታይሮይድ ዕጢው ግማሽ ብቻ ቢወጣ ይበቃ እንደሆነ ትጠይቅ። እንዲህ ያለች ትንሽ ፓፒላሪ ካንሰር ቀስ ብላ የምታድግ ናት። ሌላ ስፔሻሊስት ለማማከር ጥቂት ሳምንታት ቢያልፉ ችግር የለውም።

እናንተ ያልጠየቃችሁኝ አንድ ነገር አለ፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝም እሱ ነው። አባት የአንጀት ካንሰር ከነበረው ልጆቹም ከሌላው ሰው የበለጠ ለበሽታው የተጋለጡ ናቸው። ብዙ የሕክምና መመሪያዎች እንዲህ ያለው ልጅ ምንም ምልክት ባይኖረውም 40 ዓመት ሲሞላው፣ አለዚያም አባቱ በሽታው ከታወቀበት ዕድሜ 10 ዓመት ቀድሞ ምርመራ እንዲጀምር ይመክራሉ። ከሁለቱ የሚቀድመው ይወሰዳል። ኮሎኖስኮፒ ካንሰር ከመሆናቸው በፊት አንጀት ውስጥ የሚበቅሉትን ትንንሽ እባጮች (ፖሊፖች) ለማውጣት ያስችላል፤ ለናንተ የሚጠቅመው ቼክአፕ ይሄ ነው። ዕድሜዎን አልጻፉልኝም። 40 ካለፉ የእህትዎን ነገር እስኪቋጩ አይጠብቁ፤ በዚህ ሳምንት ቀጠሮ ያስይዙ። አባትዎ በስንት ዓመታቸው እንደታወቀባቸውም ለሐኪሙ ይንገሩት።