የዳሎል በርሜሎችና የእህቴ ልጅ

ይድረስ ለአምዱ አዘጋጅ፤

የምጽፍልዎ ትዕግሥቴ ስላለቀ ነው። ዳሎል ላይ ከጨው ጡብ የተሠራችውን የድሮ የፖታሽ (ለማዳበሪያ የሚውል የፖታሲየም ጨው) ማዕድን መንደር ለብዙ ዓመታት ፎቶ ሳነሳ ቆይቻለሁ። ሁልጊዜ ከአንድ ቦታ፣ በአንድ 35 ሚሊሜትር ሌንስ፣ በኅዳርና በጥር መካከል፣ ገና ፀሐይ ስትወጣ ነው የማነሳው። ሐሳቤ የየዓመቱ ፎቶ ጎን ለጎን ሲሰቀል ግድግዳው እንዴት እየተበላ እንደሄደ ማንም ሰው በዓይኑ እንዲያየው ነው።

ጎብኚው ግን አላስቀምጥ አለኝ። አንዱ የዛገውን በርሜል አንከባልሎ መቀመጫ ያደርገዋል። ሌላው ለሰልፊ ግድግዳው ላይ ይወጣል፤ ጡቡ ከጫማው ሥር ሲፈረፈር እንኳ ዞር ብሎ አያይም። አስጎብኚዎቹም ቆመው ይመለከታሉ። ስናገር “ቁርጥራጭ ብረት አይደል እንዴ? ምን አለበት?” ይሉኛል።

በጦርነቱ ጊዜ መንገዱ ተዘግቶ ሳልሄድ ቀረሁ። ሲከፈት ስደርስ ከፊት ያሉት ሦስቱ በርሜሎች ተበታትነዋል፤ አንደኛው ጭራሽ ተገልብጧል። እንደ ልማዴ የድሮውን ፎቶ በኤ4 አትሜ ይዤ ስለነበር፣ እሱን እያየሁ ሁሉንም ወደየቦታቸው መለስኳቸው። ሰው ባበላሸው ቁጥር እንዲህ እያደረግሁ ነው የቆየሁት፤ አንድ ሰው ማድረግ አለበትና። ደግሞም ያለ እነርሱ መቆሚያዬን አላገኝም። ትራይፖዱን የምተክለው የግራው በርሜል የበሩን ማዕዘን በግማሽ በሚሸፍንበት ቦታ ነው። በርሜሎቹ ዙሪያ ጨው ላይ የሚታዩትን ቀያይ ክቦች በኋላ በፎቶሾፕ አጠፋቸዋለሁ። የራው ፋይሎቹ (ካሜራው በመጀመሪያ የመዘገባቸው ያልተሠራባቸው ፋይሎች) ግን ሳይነኩ አሉኝ።

አብሮኝ የሚሄደው የእህቴ ልጅ ነው። ቶሎ እንዲያግዘኝ እፈልጋለሁ፤ እሱ ግን እኔ በርሜሎቹን ሳልነካ በፊት ዙሪያውን በስልኩ ሲያነሳ ብርሃኑ ያልፍብናል። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ደግሞ ሙቀቱ አያስቆምም። ይህንንም ስንቴ ነግሬዋለሁ።

አሁን ኤግዚቢሽን ላሳይ ነው፤ ፎቶዎቹ ሊታተሙ ጥቂት ጊዜ ቀርቷቸዋል። ልጁ ግን “ጋሼ፣ ስሜን አውጣልኝ፤ ፎቶው እውነት አይደለም” አለኝ። ካሜራ አያያዝ ያስተማርኩት እኔ ነኝ። ከዚያ ቀን ወዲህ አልተነጋገርንም፤ እናቱም በመሐል ተጨንቃለች። ስሙን ሰርዤ ልቀጥል ወይስ ምን ላድርግ?

ቅር የተሰኘሁት፣ ከአዲስ አበባ

መልስ

ስሙን አይሰርዙ። ልጁ ልክ ነው። ስለ ጎብኚዎቹ የጻፉልኝን ሁሉ አንብቤ ስጨርስ ከሁሉም በላይ ያሳሰበኝ በፎቶሾፕ ያጠፏቸው ቀያይ ክቦች ናቸው።

ዳሎል መሬት ላይ ያለው የወጥ ቤት ጨው ብቻ አይደለም። የፖታሲየምና የማግኒዥየም ጨዎችም አሉበት፤ ማዕድን ፈላጊውን ሁሉ ወደዚያ ያመጣውም ፖታሹ ነው። የማግኒዥየም ክሎራይድ በበረሃ አየር ውስጥ እንኳ እርጥበት ስቦ ይረጥባል። ስለዚህ በርሜሉ ጨውን የነካበት ጠርዝ ቶሎ አይደርቅም፤ ብረቱ የሚበላውም መጀመሪያ እዚያ ነው። ዝገቱ ወደ ጨው ወርዶ ቀይ ክብ ይሠራል። ክቡ በርሜሉ እዚያ ቦታ ላይ ብዙ መቆየቱን ይመሰክራል፤ ሁለት ክብ ካለ ደግሞ ሰው አንስቶታል ማለት ነው። እርስዎ በርሜሉን ሲያንከባልሉ ሌላ ጎኑን መሬት አስነኩት፤ ዝገቱም በአዲስ በኩል ጀመረ። አቀማመጡ ከድሮው ፎቶ ጋር ቢመሳሰልም በርሜሉ በነበረበት ሁኔታ የለም። ይህንን የሚናገረውን አንድ ምልክት ደግሞ ከፎቶው አጠፉት።

የመንደሯ ታሪክ ራሱ የመነሳትና የመወሰድ ታሪክ ነው። ጣሊያኖች በኤርትራ የቀይ ባሕር ዳርቻ ካለችው ከመርሳ ፋጥማ የዘረጉት የባቡር ሐዲድ እ.ኤ.አ. በ1918 ከዳሎል 28 ኪሎ ሜትር ገደማ እስከሚርቅ ቦታ ደርሶ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ እንግሊዞች ነቅለው ወሰዱት። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካው ፓርሰንስ ኩባንያ መጥቶ ጉድጓድ ሲቆፍር ቆይቶ እሱም ሄደ። ዛሬ ጎብኚ ያንከባለለው በርሜል የዚሁ ታሪክ ቀጣይ ነው፤ ቢያናድድም መመዝገብ አለበት።

መንገዱ ተዘግቶ ከቆየ በኋላ ያደረጉትን ግን በቁጣ ብቻ ላልፈው አልችልም። ያን ሁሉ ጊዜ ጠብቆ የሄደ ሰው የተወውን ነገር እንደተወው ማግኘት ይፈልጋል፤ ይገባኛል። ቢሆንም ያልሄዱባቸው ዓመታት ባዶ ናቸው፤ ባዶ ሆነው ይታዩ። ኤግዚቢሽኑ ግድግዳ ላይ የአንድ ፎቶ ስፋት ያህል ክፍት ቦታ ይተዉና ዓመታቱን ብቻ ይጻፉበት። የመጣ ሰው ምክንያቱን ያውቀዋል።

ወደ ሥራው ስንመጣ ዋናው ችግር መቆሚያዎን የሚያገኙት በሚንቀሳቀስ ነገር መሆኑ ነው። በርሜሎቹን ለመመለስ የተገደዱትም በዚሁ ምክንያት ነው። የስልክ ጂፒኤስ በሜትሮች ስለሚሳሳት አይበቃም። የማይነሳ ነገር ይጠቀሙ፤ ከቅርብ የበሩን መቃን ሥር፣ ከሩቅ የተራራው ጫፍ ላይ ጎልቶ የሚታይ ነጥብ። የድሮውን ፎቶ በእጅዎ ይዘው ሁለቱን በካሜራው ስክሪን ላይ ያስተያዩ። መቃኑ ከተራራው ነጥብ አንጻር ከድሮው ይልቅ ወደ ግራ ከሄደ፣ እርስዎ ወደ ቀኝ አልፈዋል፤ ወደ ግራ ይመለሱ። መቃኑ ዝቅ ብሎ ከታየ ካሜራው ከፍ ብሏል ማለት ነው፤ ዝቅ ያድርጉት። መሬቱ ራሱ ጨው ስለሆነ ሊያብጥም ሊሰምጥም ይችላል፤ የትራይፖዱን ቁመት ብቻ አምነው አይቁሙ።

ርቀቱን በስሌት ያረጋግጡ። በድሮው ፎቶ ላይ የበሩን ስፋትና በሁለት የሩቅ ጫፎች መካከል ያለውን ክፍተት በማስመሪያ ይለኩ። በሩ 42 ሚሊሜትር፣ የጫፎቹ ክፍተት 60 ሚሊሜትር ከሆነ ሲካፈል 0.7 ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ሲለኩት 0.8 ከሆነ ቀርበዋል፤ ወደ ኋላ ይሂዱ። ሌንስ መቀየር ወይም ዙም ማድረግ ይህንን ቁጥር አይለውጠውም፤ የሚለውጠው እግርዎ ብቻ ነው። ይህን ሥራ በማለዳ ይጨርሱ፤ ሙቀቱ ሲነሳ የሩቁ ጫፍ ስለሚርገበገብ ልኬቱ አይያዝም።

ቦታው ከተገኘ በኋላ ከትራይፖዱ መሐል ቱንቢ (ጫፉ ላይ ክብደት የታሰረበት ገመድ) ያንጠልጥሉና ከነጥቡ እስከ ሦስት የግድግዳ ማዕዘኖች በሜትር ይለኩ። ሁለት ልኬት ይበቃ ነበር፤ ነገር ግን በጨው ግንብ አንዱ ማዕዘን እስከ ከርሞ ላይኖር ስለሚችል ሦስተኛው መጠባበቂያ ነው። ሁልጊዜ ከግድግዳው ሥር ይለኩ፤ የሚፈርሰው ከላይ ጀምሮ ነውና። ሚስማር ወይም ቀለም ግን ግድግዳው ላይ እንዳያደርጉ።

ሌላም ልናገር፤ በርሜል ባንከባለሉበት እጅ ካሜራ መያዝዎን ሳስበው ደነገጥኩ። ያ ጨው ከሌንሱ ማሰሪያ ብረት ላይ ቢቀር ማታ ማታ እየረጠበ ይበላዋል። በደረቅ ብሩሽ አይጥረጉት፤ ቅንጣቱ ይቧጭራል። በተጣራ ውሃ በረጠበ ጨርቅ ይጥረጉ፣ ያድርቁ፣ ሳይደርቅ ፕላስቲክ ውስጥ አይክተቱት።

ጎብኚዎቹን በተመለከተ፣ በርሜሉን ይተዉላቸው፤ ጉልበትዎን ለግድግዳው ያውሉት። የተሰበረ የጨው ጡብ አይመለስም። አስጎብኚውን ሰው ከወጣ በኋላ ከመቆጣት ገና መኪናው ሲቆም “ግድግዳ ላይ አይወጣም” እንዲል ይጠይቁት።

አሁን ኤግዚቢሽኑ። ሊያዘገዩት ከቻሉ ያዘግዩት። ካልቻሉም የጠፉትን ክቦች ከራው ፋይሎቹ መልሰው ያውጡ፤ በርሜል በተመለሰበት ፎቶ ሥር ሁሉ “በርሜሎቹ በፎቶ አንሺው ተመልሰዋል” ብለው በግልጽ ይጻፉ። ከአጠገቡ የልጁን የስልክ ፎቶ ይስቀሉ። ብርሃን አሳለፈብኝ ያሉት ያ ሥራ መንደሯ በየጊዜው በምን ሁኔታ እንደተገኘች የሚያሳይ ያለዎት ብቸኛ ማስረጃ ነው። እኔ ብሆን ስሙን ከእኔ ስም በላይ አደርገው ነበር። ከአሁን በኋላም ደንቡ የእሱ ይሁን፤ መጀመሪያ እንደተገኘ ይነሳ፣ ከዚያ ወዲያ ማንም እጁን አያስገባ።

እናቱን በመሐል አያስጨንቋት፤ ራስዎ ይደውሉለት። ስለ ስሙ ከመነጋገርዎ በፊት የስልኩን ፎቶዎች እንደሚፈልጓቸውና ለምን እንደሚፈልጓቸው ይንገሩት። ሲሰጥዎም በቴሌግራም እንደ ፎቶ አይላክ፤ ይጨመቃል፣ የተነሳበት ቀንና ሰዓትም ከፋይሉ ላይ ይጠፋል። በኬብል በቀጥታ ወደ ኮምፒውተርዎ ይገልብጡት፤ አንድ ቅጂ በሌላ ሃርድ ዲስክ ላይ ያስቀምጡ፣ ሌላውን ደግሞ እሱ ዘንድ ይተዉ።