አፋፍ ላይ ስልክሽን ኪስሽ ክተቺ

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እንደምን ከረሙ? የምጽፍልዎ ከኮምቦልቻ ነው። ወንድሜ እንግሊዝ አገር ይኖራል። በቀደም ቪዲዮ ላከልኝ። ሳውዝ ዌስት ኮስት ፓዝ በሚሉት፣ 1,014 ኪሎ ሜትር በሚረዝመው የእግር መንገድ ላይ ነው። ከታች ባሕር፣ ከላይ ገደል። በስልኩ እየተመራ ሄዶ ከድንጋይ ስር ትንሽ ዕቃ አወጣ። ውስጡ ካለው ወረቀት ላይ ስሙን ጻፈና መልሶ ደበቀው። ጂኦካሺንግ ይባላል አለኝ። የ11 እና የ14 ዓመት ልጆች አሉኝ። ስልክ ላይ ተጥደው ነው የሚውሉት። ከደሴና ከኮምቦልቻ መሃል ያለው ሐረጎ ወይም ከደሴ በላይ ያለው ጦሳ ተራራ ላይ ብደብቅላቸውስ? ገደሉ ግን ያስፈራኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ መፍራትሽ ልክ ነው። ልጆቹን ይዘሽ መውጣትሽ ደግሞ የበለጠ ልክ ነው።

ጨዋታው የተጀመረው እ.ኤ.አ. በግንቦት 2000 ነው። እስከዚያ ድረስ አሜሪካ ያለሽበትን ቦታ በሳተላይት የሚያሳየውን የጂፒኤስን ምልክት ለሲቪሉ ሆን ብላ ታዛባው ስለነበር፣ እስከ 100 ሜትር ይስት ነበር። ያ በተነሳ ማግስት ዴቭ አልመር የሚባል ሰው በአሜሪካዋ ኦሪገን ግዛት ጫካ ውስጥ ጥቁር ባልዲ አስቀመጠ። ደብተርና እርሳስ፣ የታሸገ ባቄላ ሳይቀር ከተተበት። ከዚያ የቦታውን ቁጥር ለሰው ነገረ። ዛሬ በዓለም ላይ የተደበቀው ከ3 ሚሊዮን በላይ ነው።

ቁጥሩ ኬክሮስና ኬንትሮስ ነው። ደሴ 11 ዲግሪ ከ8 ደቂቃ ሰሜን አካባቢ ናት፤ እዚህ ላይ ደቂቃ የዲግሪ ስልሳኛ ክፍል ነው። ጨዋታው ላይ ደቂቃው ከነጥብ በኋላ በሦስት አሃዝ ይጻፋል። የኬክሮሱ የመጨረሻ አሃዝ በአንድ ሲለወጥ መሬት ላይ 1.85 ሜትር ትሄጃለሽ። ስልክ ግን ሜዳ ላይ እንኳ 5 ሜትር ያህል ይስታል። ገደል ስር ደግሞ ይብሳል። ግማሹ ሰማይ ይሸፈናል፣ የሳተላይቱም ምልክት ከድንጋዩ እየነጠረ ይመጣል። ስልኩ ቀጥታ ርቀቱን እንጂ መሃል ላይ ገደል መኖሩን አያውቅም።

ይህን ያወቅሁት ራሴ ላይ ደርሶ ነው። ነሐሴ ላይ አንድ ጓደኛዬ ጦሳ ላይ ደበቀልኝና ብቻዬን ወጣሁ። ጉም ነበር። ዓይኔ ከስልኩ አልተነሳም። ቀስቷ 9 ሜትር ትላለች፣ ወደፊት። ሣሩ ርጥብ ነው፣ ጫማዬ ይንሸራተታል። አንድ እረኛ ልጅ ከኋላዬ ጮኸ። “ኧረ ጋሼ፣ ከዚያ ወዲያ መሬት የለም!” ቆምኩ። ጉሙ ትንሽ ሲገለጥ የደሴ ቆርቆሮ ጣሪያ ከጫማዬ ጫፍ ስር ታየ። ጉልበቴ ከዳኝና እዚያው ቁጭ አልኩ። ዕቃው ከኋላዬ ነበር፣ ስድስት እርምጃ ያህል፣ ጠፍጣፋ ድንጋይ ስር። ልጁ ከመጀመሪያውም ያውቀው ኖሯል።

ከዚያ ወዲህ 20 ሜትር ሲቀረኝ ስልኬን ኪሴ እከታለሁ። የቀረውን በዓይን ነው የምፈልገው። አንቺም ይህን ለልጆቹ የማይጣስ ሕግ አድርጊው። የወንድምሽን ገደል ከስር የሚበላው ባሕር ነው፣ የእኛን ዝናብ ነው። ደሴ ዙሪያ ክረምት ላይ መሬት እንደሚንሸራተት ታውቂያለሽ። አፋፉ ላይ ስንጥቅ ካየሽ ወደኋላ ተመለሺ። ጥቅምት ላይ፣ መሬቱ ሲደርቅ፣ በጠዋት ውጡ።

ዕቃ መደበቁን ግን ለጊዜው ተዪው። በ2014ቱ ጦርነት በደሴም በኮምቦልቻም ዙሪያ ውጊያ ነበር። ልጅ ድንጋይ ስር እጁን እየሰደደ እንዲፈልግ አልፈልግም። የማያውቁትን ብረት አይንኩ፣ ካዩም ሮጠው ይንገሩሽ። ደግሞ የታሸገ ዕቃ ቁጥቋጦ ውስጥ ያገኘ ገበሬ ቢደነግጥ አይፈረድበትም።

ዕቃ የማይደበቅበት ዓይነት አለ፣ ኧርዝካሽ ይባላል። ቁጥሩ ወደ አንድ ቦታ ይወስድሻል፣ እዚያ ስለ መሬቱ ጥያቄ ትመልሻለሽ፣ በቃ። ለእኛ አገር የተሠራ ነው የሚመስለኝ። ሐረጎ ላይ፣ ከመኪና መንገዱም ከአፋፉም ራቅ ያለ ቦታ ምረጪ። ልጆቹን እንዲህ ጠይቂያቸው፦ ድንጋዩ ስንት ንብርብር ነው? እሳተ ገሞራ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ያፈሰሰው ነው። ኮምቦልቻ ለምን ከታች ሆነች? መሬቱ በስምጥ ሸለቆው ምክንያት ወደ አፋር እየተሳበ፣ እየተሰነጠቀ ስለወረደ ነው። ስልኩ ላይ ከፍታውን ያንብቡ። ደሴ ከኮምቦልቻ በ600 ሜትር ገደማ ትበልጣለች። በየ100 ሜትሩ ወደ 0.6 ዲግሪ ስለሚቀዘቅዝ ልዩነቱን እነሱው ያስሉት። ደሴ ስትወጡ ለምን ጋቢ እንደምትጨምሪ ያኔ ይገባቸዋል።

ዕቃ መፈለጉ ካማራቸው ዘመድ ግቢ ወይም የምታውቂው ሱቅ ውስጥ ደብቂላቸው፣ ባለቤቱን አስፈቅደሽ። ክዳኑ የሚጠብቅ ፕላስቲክ ይበቃል። ምግብ አትክተቺበት፣ አይጥ ይጠራል። አትቅበሪው፣ ጨዋታው ያለ መሬቱ ባለቤት ግልጽ ፈቃድ መቆፈር አይፈቅድም።

ጂፒኤስ ኔትወርክ አይፈልግም፣ ካርታውን ግን ቤት ሳለሽ አውርጂ። እረኞቹን ሰላም በይና መንገዱን ጠይቂ። ቁጥሩን ትልቁ ያንብብ፣ መልሱን ትንሹ ይጻፍ። በእርሳስ ይሁን፣ እስክሪብቶ ርጥብ ወረቀት ላይ አይጽፍም። የጻፉትን ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ፣ ስሌቱን አይላቸዋለሁ።