ዶሮዎቹ ማታ ቤታቸው አልገባም ሲሉ

ጥያቄው ከሐዋሳ የመጣ ነው፤ አሳጥሬ ላቅርበው። «ዘጠኝ የሳሶ ዶሮዎች አሉኝ። በቅርቡ ያገለገለ የእንጨት ዶሮ ቤት ገዝቼ አስገባኋቸው። አሁን ሲመሽ አልገባም ብለው አቮካዶው ላይ ይሰፍራሉ። በቀን ሰባት እንቁላል አገኝ የነበረው ወደ ሦስት ወርዷል፣ ኩክኔያቸውም ገርጥቷል። ጎረቤቶቼ ሸለምጥማጥ አስደንግጧቸው ነው ይላሉ። ቴትራሳይክሊን በውሃ በጥብጬ ሰጠኋቸው፣ ምንም ለውጥ የለም። ልጄ ደግሞ እንቁላል ሰብስቦ በመጣ ቁጥር እጁን ያሳክከዋል።»

እህቴ፣ ሸለምጥማጥ ቢሆን ጠዋት ላባና ደም ያገኙ ነበር፤ ከዚያም በላይ ዶሮ ይጎድል ነበር። ፈንግል ቢሆንም እስካሁን ብዙዎቹ በሞቱ። ልጅዎን ያሳከከው ነገር ነው ዶሮዎቹንም ከቤት ያስወጣቸው፦ ቅንቅን። ከዶሮ ቤቱ ጋር አብረው ነው የገዙት።

ይህ ተባይ ቀን ቀን ዶሮዋ ላይ አይቀመጥም። ለዚህ ነው ላባዋን ገልጠው ቢፈትሹ ንጹሕ የምትመስለው። ቁንጫ ቢሆን ዓይኗ ዙሪያ ተጣብቆ ያዩታል፤ ቅማልም ቆዳዋ ላይ ሲሮጥ ይታያል። ቅንቅን ግን በእንጨት ስንጥቅና በምስማር ቀዳዳ ተሸጉጦ ይውልና ሲጨልም ወጥቶ ደሟን ይመጥጣል። ዶሮዎቹ የገረጡት ደም አጥሯቸው ነው። ቴትራሳይክሊን የባክቴሪያ መድኃኒት ስለሆነ ቅንቅንን አይነካውም፤ ያቁሙት። መድኃኒቱ ወደ እንቁላሉ ስለሚገባ ሰጥተዋቸው ሳለ የተጣለውንና ካቆሙም በኋላ የእንስሳት ሐኪም የሚነግርዎት ጊዜ እስኪያልፍ የሚጣለውን እንቁላል አይብሉ፣ አይሽጡም።

ለማረጋገጥ ከመሸ በኋላ የእጅ ባትሪ ይዘው ይግቡ። ነጭ ጨርቅ በቆጡ ሥር፣ በተለይ ቆጡ ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጫፍ ይጥረጉበት። ጨርቁ ላይ ቀይ ጭረት ከታየ ደም ጠጥቶ የተጨፈለቀ ቅንቅን ነው። ቀን ደግሞ በመገጣጠሚያው ላይ አመድ የተነሰነሰ የመሰለ ነገር፣ በእንቁላሉ ቅርፊት ላይም ደቃቅ ቀያይ ነጠብጣብ ይፈልጉ።

እኔ አናጢ ነኝ፣ ሥራዬ የዶሮ ቤት መሥራት ነው፤ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመኝ መጀመሪያ የማየው ቆጡን ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቅርፊቱ ያልተላጠ የባሕር ዛፍ አጠና ሆኖ አገኘዋለሁ። ለቅንቅን ከዚያ የተሻለ መኖሪያ የለም። አውጥተው ያቃጥሉት። በምትኩ አምስት ሳንቲ ሜትር ገደማ ስፋት ያለው፣ በመላጊያ የተላገ ሞራሌ ያስገቡ፤ ጠርዙን ለእግራቸው እንዲመች ያለስልሱት። በምስማር አይምቱት። እንደ ልብ እየወጣ የሚታጠብ ይሁን።

ዶሮዎቹ አቮካዶው ላይ መስፈራቸው ለጽዳቱ ይመቻል። ሰጋቱራውንም ሆነ ጭዱን እስከ መጨረሻው አውጥተው ያቃጥሉ፣ እንቁላል የሚጥሉበትን ሳጥንም ባዶ ያድርጉ። ከዚያ ውሃ አፍልተው በየስንጥቁና በየመገጣጠሚያው ቀስ ብለው ያፍስሱ፤ ግድግዳውን ብቻ ረጭቶ መውጣት ዋጋ የለውም። ሲደርቅ ስንጥቁን በስቱኮ ይድፈኑ፣ ውስጡን ኖራ ይቀቡ። ኖራው በደንብ ሳይደርቅ ዶሮ አይግባ፣ ዓይን ያቃጥላል።

ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆምና ከሁለት ሳምንት በኋላ «ተመልሶ መጣ» ብሎ ይደውልልኛል። አልሄደም እኮ! ከፈላው ውሃ ያመለጠ የቅንቅን እንቁላል ይፈለፈላል፤ አየሩ ሲሞቅ ደግሞ በሳምንት ገደማ አድጎ ራሱ እንቁላል ይጥላል። ስለዚህ በአምስተኛው ወይም በስድስተኛው ቀን ውሃውን ይድገሙት፣ ከዚያ ከሳምንት በኋላ ለሦስተኛ ጊዜ። ቤቱን ዘግቶ በረሃብ ይሞታል ማለትም አያዋጣም፤ ቅንቅን ሳይበላ ለወራት ይቆያል።

ለአትክልት የተገዛ ፀረ ተባይ ዶሮ ላይ የሚረጩ፣ ለበግ የታዘዘ አይቨርሜክቲን የሚሰጡ ሰዎች አሉ። እርስዎ አያድርጉት። እንቁላሉን የሚበላው ልጅዎ ነው። ኬሚካል ካስፈለገ እንቁላል ለሚጥል ዶሮ የሚሆነውን የእንስሳት ሐኪም ይዘዝልዎ። ለዶሮዎቹ አመድና ደረቅ አፈር በሰፊ ሳፋ ቀላቅለው ጥላ ሥር ያስቀምጡላቸው፤ ራሳቸው ገብተው ይንከባለሉበታል።

ከጽዳቱ በኋላ ሸንተረር ያለው ካርቶን ቆርጠው በቆጡ ሥር አስረው ይተዉት። በሁለተኛው ቀን ፈትተው ይዩት፤ ቅንቅን ካለ በሸንተረሩ ውስጥ ተጠቅጥቆ ያገኙታል። ካርቶኑን ያቃጥሉና ሌላ ይተኩ። ባዶ እየሆነ እስኪመጣ ይቀጥሉ።

ዶሮዎቹ ግን ቤቱ ስለጸዳ ብቻ አይመለሱም፣ ዛፉን ለምደውታል። ለጥቂት ምሽቶች እርስዎ ማስገባት አለብዎት። ደንገዝገዝ ሲል ሲፈዙ በአንድ እጅ ከደረታቸው ሥር ደግፈው፣ በሌላው ክንፋቸውን ከሰውነታቸው ጋር ይዘው ያውርዷቸው፤ እግራቸውን ይዞ ዘቅዝቆ መሸከም ይቅር። ቆጡ ላይ አስቀምጠው በሩን ይዝጉ፤ ጠዋት ረፈድ አድርገው ይክፈቱ፣ እንቁላላቸውን እዚያው እንዲጥሉ።