ኖራ የሚበትነው ማን ነው?

በደብረ ማርቆስና በባሕር ዳር ኢኮኖሚክስ የምትማሩ ልጆቼ፣

ስለ አገር እድገት ስትከራከሩ መንግሥታቱን እንደ ኳስ ቡድን ትደግፋላችሁ። እስቲ አስቀድማችሁ ሒሳቡን ያዙ። ኢኮኖሚ በዓመት 7 በመቶ ካደገ፣ በተለመደው የእጥፍ መገመቻ 72ን ለ7 ስታካፍሉት፣ በ10 ዓመት ገደማ እጥፍ ይሆናል። ሕዝቡ 2.5 በመቶ ከጨመረ ግን ለነፍስ ወከፍ የሚተርፈው 4.5 ነው፤ 16 ዓመት ይፈጃል። ደርግ በሥልጣን የቆየው 17 ዓመት ነው፤ አንዱ እጥፍ ብቻ የአንድ መንግሥት ዕድሜ ያህል ይጠይቃል ማለት ነው።

አሁን ወደ ማሳው እንውረድ። ብዙው የጎጃም ደጋ አፈር አሲዳማ ነው። ገበሬው በዕዳ የገዛውን ማዳበሪያ ይጨምራል፤ ፎስፎረሱን አሉሚኒየምና ብረት አፍነው ይይዙታል፤ ሰብሉ ይቀጭጫል። መድኃኒቱ አሲዱን የሚያለዝበው ኖራ ነው። መጠኑን የአፈር ምርመራ ይወስነዋል፤ በሄክታር 20 እና 30 ኩንታል ሊጠይቅ ይችላል፣ ለአንድ ጥማድ ማለትም ለሩብ ሄክታር ከ5 እስከ 7 ኩንታል ተኩል። ከዘር አንድ ወር ያህል ቀድሞ ተበትኖ በእርሻ ከአፈሩ ጋር ካልተዋሐደ ላዩ ላይ ይቀርና ጎርፍ ይጠርገዋል። በደንብ ከተደረገ አምስት ዓመት ገደማ ያገለግላል። ማዳበሪያ በዚያው ክረምት ይከፍላል፤ ኖራ ከሦስት ዓመት በኋላም ማሳው የእኔ ነው ለሚል ሰው ነው።

ያን መተማመን ጎጃም ስንት ጊዜ እንዳጣው ቁጠሩ። በ1960 የእርሻ ገቢ ግብር ሲታወጅ ገበሬው ያመፀው፣ ከገንዘቡ በላይ፣ የመሬት ልኬታው ርስቱን የሚያስነጥቀው ስለመሰለው ነበር። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ የጭሰኛን ቀንበር ሰበረ፤ ይህን አልክድም። ግን የእህል ኮታ ተከተለ፤ ማሳው ያልሞላለት ከገበያ በውድ ሸምቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክብ ነበር። ኮታው በ1982 ቀረ። በ1989 መሬቱ እንደገና ተሸነሸነና በቀድሞው ሥርዓት ሹመት ነበረው ተብሎ «ቢሮክራት» የተባለው ገበሬ አራት ጥማድ ብቻ ተተወለት። እንዲህ ያለ ሰው ኖራ ትቶ ባሕር ዛፍ ቢተክል ሰነፍ አትበሉት።

የይዞታ ደብተሩ ብዙ ጠግኗል፣ ሁሉን ግን አይደለም። ለመመረቂያ ጥናት ገጠር ስትወርዱ የምርት ቁጥር ብቻ ይዛችሁ አትመለሱ። በሬ የሌላት ባለይዞታ መሬቷን ምርቱን ለሚካፈላት እኩል አራሽ ስትሰጥ ውሉ ለስንት ክረምት ነው? ለአንድ ከሆነ ኖራውን ማን ይገዛል? የአምስት ዓመት ውል ለምን እንዳልተጻፈ ከሁለቱም፣ ለየብቻ፣ ጠይቁ።